ቤዝ ጊታርና ሰም፦ ከአዳማ ቤዚስቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥር ሲገባ ሰርግ ይበዛል፣ አዳማ ላይ ደግሞ ደረቁ ነፋስ ይበረታል። ቤዝ የሚጫወቱ ሰዎች ስለ እንጨቱ መጠየቅ የሚጀምሩት ያኔ ነው። አንገቱ ደረቀ፣ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካው ቀጭን ብረት) እጄን ቧጨረኝ፣ ቦዲው (ገላው) ወዙን አጣ ይላሉ። ቀጥሎ "ሰም ልቀባው እንዴ?" ይመጣል። መልሱ ሁሌም የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ መጀመሪያ እንጨታችሁ ምን እንደለበሰ እወቁ።

ቤዜ ሰም ያስፈልገዋል?

ብዙውን ጊዜ አያስፈልገውም። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቤዝ በፖሊዩሬቴን ወይም በፖሊስተር የተለበጠ ነው። እንጨቱ በፕላስቲክ ተሸፍኗል ማለት ነው። የምትቀቡት ሰም እንጨቱ ጋ አይደርስም። ላዩን ያብረቀርቃል፣ እጅ ያንሸራትታል፣ የጣት አሻራ ይደብቃል፤ በቃ። "እንጨቱን ይመግበዋል" የሚባለውን እርሱት። የተቆረጠ እንጨት አይርበውም።

ሰም የሚፈልገው በዘይትና በሰም ብቻ የተጠናቀቀ እንጨት ነው። የጀርመኑ ዋርዊክ ብዙ ሞዴሎቹን በንብ ሰም በመጨረስ ይታወቃል። የአሜሪካኑ ኧርኒ ቦል ሙዚክ ማንም የብዙ ቤዞቹን አንገት በዘይትና በሰም ያሸዋል። ከእነዚህ አንዱ እጃችሁ ከገባ፣ ወይም አናጺ ቤት ያሠራችሁት ባዶ እንጨት ካለ፣ ይህ ገጽ በቀጥታ ለእናንተ ነው። ሌሎቻችሁም አትሂዱ፤ የእናንተም ጉዳይ ይመጣል።

የኔ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መስኮት ጋ ወስዳችሁ ብርሃን ላይ አዘንብሉት። የመስኮቱ ምስል ጥርት ብሎ ከታየባችሁ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ብርሃኑ ፈዞና ተበትኖ ከታየ፣ ጥፍራችሁን ስታንሸራትቱም የእንጨቱ ቀዳዳዎች ከተሰሟችሁ፣ ዘይት ወይም ሰም ሊሆን ይችላል። "ሊሆን ይችላል" ያልኩት ሳቲን የሚባለው ፈዛዛ ፖሊዩሬቴንም እንዲሁ ስለሚመስል ነው።

ቁርጡን የሚነግራችሁ ውሃ ነው። ከኋላ፣ የማንገቻው ቁልፍ አጠገብ አንዲት ጠብታ አኑሩ። ለጥቂት ደቂቃ ተዉትና ጥረጉት። ቦታው ከጠቆረ ውሃው ወደ እንጨቱ ገብቷል፤ ሰም የሚቀበል እንጨት ነው። ምንም ካልታየ የተዘጋ ነው። የጠቆረው ሲደርቅ ይመለሳል። ይህን ሙከራ የፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚይዘው ማግኔት ያለበት ዕቃ) ጉድጓድ ውስጥ ወይም አንገቱ በሚገጠምበት ቦታ አታድርጉ። እዚያ ፋብሪካው በደንብ ስለማይቀባ የተለበጠውም ቤዝ ባዶ እንጨት ይመስላል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ናይትሮሴሉሎስ። እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ መጀመሪያ ፌንደር ቤዞች የተቀቡት በዚህ ነው፣ ዛሬም አንዳንድ ውድ ቤዞች ላይ ይገኛል። ቀጭንና ስስ ነው። ቲነርም አሴቶንም ያቀልጠዋል። የአንዳንድ ስታንድ ጎማ እንኳ ለቀናት ሲነካው ጠባሳ ይተውበታል። ናይትሮ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደረቅ ጨርቅ ብቻ ተጠቀሙ።

አዳማ ውስጥ ደህና ሰም ከየት አገኛለሁ?

የጊታር ሰም ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ለነገሩ ንብ ሰም ፍለጋ ውጭ አገር ማየት አያስፈልገንም። ኢትዮጵያ በንብ ሰም ምርት ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ናት። ጠጅ የሚጥሉ ሰዎች ሰፈፉን፣ ማለትም ከማሩ የሚቀረውን ሰም፣ ለይተው ያወጡታል። እነሱን ጠይቁ፣ ማር የሚሸጡትንም ጠይቁ።

ሱቅ ያለው ነጭ ሻማ ግን አይሆንም። እሱ ፓራፊን ነው። ጧፍም ንጹህ የንብ ሰም ካልሆነ ይቅርባችሁ። አሽትቱት፤ የንብ ሰም ማር ማር ይሸታል።

ሰፈፉን እንዴት ላጽዳው? ቅባቱንስ እንዴት ልሥራ?

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ። ሰፈፍ ውስጥ የማር ቅሪት፣ የንብ ክንፍና ጭራሮ አለ። ማር የቀረበት ሰም አንገት ላይ ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ይጠራል።

ሰፈፉን ብዙ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ጨምሩና በለስላሳ እሳት አሙቁት። መንተክተክ የለበትም። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚቀልጥ ውሃው ሳይፈላ ሁሉም ይሟሟል። ማሩ ወደ ውሃው ይገባል፣ ሰሙ ይንሳፈፋል። በስስ ነጠላ ቁራጭ አጥልሉትና ሳትነካኩት ያድር። ጠዋት ላይ ሰሙ እንደ ቂጣ ጠንክሮ ከላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። አንሱት፣ ገልብጡት፣ ከሥሩ የተጣበቀውን ቡናማ ዝቃጭ በቢላ ፋቁት። አሁንም ቆሻሻ ካየላችሁበት ድገሙት። የዛገ ብረት ድስት ሰሙን ስለሚያጠቁረው አትጠቀሙ። የሠራችሁበት ድስት ደግሞ ለወጥ አይመለስም፤ እናታችሁን ሳታስፈቅዱ አንስታችሁ ከሆነ ራሳችሁ ተወጡት።

ጠንካራ ሰም እንዲሁ አይቀባም፣ መለስለስ አለበት። 30 ግራም ሰም ለ100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ፓራፊን ጥሩ ልክ ነው። ፈሳሽ ፓራፊን ከሻማው ጠንካራ ፓራፊን የተለየ የማዕድን ዘይት ነው፣ ፋርማሲ አለ፤ አይሸትም፣ አይበላሽም። ሰሙን ቆርቆሮ ውስጥ አድርጉ፣ ቆርቆሮውን ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡ። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ሲቀልጥ ፓራፊኑን ጨምሩ፣ አማስሉ፣ አውርዱ። በቀዝቃዛ ማንኪያ ጫፍ ጥቂት ውሰዱና እስኪረጋ ጠብቁ። ከፈሰሰ ሰም ጨምሩ፣ ከደረቀ ፓራፊን ጨምሩ።

በፓራፊኑ ፋንታ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) የሚጠቀሙ አሉ። ያ ሰም ሲደርቅ ይበልጥ ይጠነክራል፣ አንገት ላይም ያምራል። ግን አኳራጅ ተቀጣጣይ ነው። እሳቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ፣ ደጅ ወጥታችሁ ካልሆነ አታፍስሱት።

እሺ፣ አቀባቡስ?

ነፋስ የሌለበት ሰዓት ምረጡ ወይም በርና መስኮት ዝጉ። ትኩስ ሰም ላይ ያረፈ የአዳማ አቧራ ውሎ አድሮ አንገቱን የሚፍቅ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ክሮቹን አላሉ። የፊቱን ገጽ የምትነኩ ከሆነ ፍቱት፣ ግን በዚያው ቀን መልሱት። ባለ አራት ክር ቤዝ ሲቃኝ ክሮቹ አንገቱን በጠቅላላው ብዙውን ጊዜ 70 ኪሎና ከዚያ በላይ በሚሆን ጉልበት ይስቡታል። ትራስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ያለው ማስተካከያ ብረት) የተስተካከለው ያንን ጉተታ ታሳቢ አድርጎ ነው። ክር አልባ ሆኖ ሳምንት ከከረመ አንገቱ ወደ ኋላ ሊለመጥ ይችላል።

ቀጥሎ ጽዳት። ጨርቅ በውሃ አርጥባችሁ እስከ መጨረሻው ጨምቁትና ጥረጉ። ላብና ቆሻሻ ላይ ሰም መቀባት ቆሻሻውን ማሸግ ነው። እንጨቱ በደንብ ይድረቅ።

አሁን አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ቁራጭ ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙ። የአተር ግማሽ የምታህል ሰም ውሰዱ። ለአንገቱ ጀርባ በሙሉ ይህ ይበቃል። እውነቴን ነው፣ ይበቃል። እንጨቱ በሄደበት አቅጣጫ፣ ከጭንቅላቱ ወደ ቦዲው፣ ጨርቁ ሞቅ እስኪል እሹት። ሙቀቱ ነው ሰሙን የሚያስገባው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ወልውሉት። መጀመሪያ ጨርቁ ይያዛል፣ እየቆየ ይለቃል፣ በመጨረሻ ያለ ምንም ድካም ይንሸራተታል። አውራ ጣታችሁን ተጭናችሁ አንሱ። አሻራ ከቀረ ገና ትርፍ ሰም አለ።

ቦዲው ላይም እንደዚሁ ነው። ፒክአፑንና የብሪጁን (ክሮቹ ቦዲው ላይ የሚያርፉበት ብረት) ብሎኖች አትንኩ። ስትጨርሱ ክር ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፤ ሰም የገባበት ክር ድምፁ ይደፈናል።

በየስንት ጊዜው?

በዓመት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ። በየሳምንቱ የሚጫወት ሰው ቀኝ ክንዱ የሚያርፍበትንና የአንገቱን ጀርባ ብቻ መሃል ላይ መድገም ይችላል። በየሳምንቱ መቀባት ፍቅር ቢመስልም ውጤቱ የሚያጣብቅ አንገት ነው። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ላቡን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ከማንኛውም ሰም ይበልጣል። ባግ ኪስ ውስጥ የጥጥ ጨርቅ ይኑራችሁ።

ፍሬትቦርዱስ?

ፍሬትቦርድ ፍሬቶቹ የተሰኩበት የአንገቱ ፊት ነው። ከሮዝውድ፣ ከኤቦኒ ወይም ከዌንጌ እንጨት የተሠራው ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ክር ስትቀይሩ ቆሻሻውን በጥርስ ብሩሽ አንስታችሁ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ፓራፊን በጨርቅ አድርጋችሁ እሹት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የቀረውን ጥረጉ። የጊታር "ሌመን ኦይል" ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ይኸው የማዕድን ዘይት ሽታና ቀለም ተጨምሮበት ነው። የሎሚ ጭማቂ ግን አይደለም! ሎሚ ቆርጦ ፍሬትቦርድ የሚያሽ ሰው አይጠፋም። ጭማቂው አሲድ ነው፣ ተዉት።

ፍሬትቦርዱ ነጣ ያለ ሜፕል ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ተለብጧል። ዘይትም ሰምም አይቀበልም። ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።

ቅቤ፣ የምግብ ዘይት፣ ቫዝሊን፣ የጫማ ቀለም...?

ቅቤ ይሻግታል። የምግብ ዘይትም እንዲሁ፤ የኑግ ዘይት ደግሞ እየቆየ ሙጫ ይሆናል። ቫዝሊን አይደርቅም፣ አቧራ ይሰበስባል። የጫማ ቀለም ውስጥ ሰም መኖሩ እውነት ነው፣ ግን ቀለሙ እንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ከዚያም ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ ሰርግ ትሄዳላችሁ። ለቤት ዕቃ የሚረጨውም ማብረቅረቂያ ይቅር። ብዙዎቹ ሲሊኮን አለባቸው። ሲሊኮን አንዴ እንጨት ውስጥ ከገባ ወደፊት ቤዙን መቀባት ብትፈልጉ አዲሱ ቀለም አልይዝ ይላል።

የተልባ ዘይትስ? አናጺው ተጠቀም ብሎኛል።

አናጺው ልክ ነው። የተልባ ዘይት እውነተኛ የእንጨት ዘይት ነው፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ለባዶ እንጨት ከሰም በፊት መሠረት ይሆናል። ችግሩ ያልተቀነባበረው ዘይት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት መውሰዱ ነው። በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ትርፉን ጥረጉ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሁለተኛ አትድገሙ። መጀመሪያ ቁራጭ ዋንዛ ወይም ዝግባ ላይ ሞክሩት፤ ቀለሙን ምን ያህል እንደሚያጠቁር ታያላችሁ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ስሙኝ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ ራሱ እየሞቀ ሄዶ በራሱ ሊነድ ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን ያፍነዋል። ደጅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ለልጆችም ለቤት ሠራተኛም ንገሩ።

በበጋ የፍሬቱ ጫፍ እጄን ይቧጭረኛል። ሰም ያድነዋል?

አያድነውም። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ እርጥበቱን ይሰጥና በወርዱ ይኮማተራል። ፍሬቱ ብረት ስለሆነ ባለበት ይቆያል፣ ጫፉም ወጣ ይላል። ሰም እርጥበቱ የሚወጣበትን ፍጥነት ጥቂት ያዘገይ ይሆናል እንጂ አያቆመውም። በዚያው ሰሞን ክሩ ፍሬት ላይ መንዘር ከጀመረም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ፍሬትቦርዱ ሲኮማተር አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ለእንጨት የሚመቸው አንጻራዊ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ያለው ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት አዳማ ላይ ቤዙን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማሳደር ጥሩ አይደለም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ ቀን ሙቀቱ ከላይ ይወርዳል። ኬዝ ውስጥ አስገቡት። የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ገዝታችሁ ክዳኑን ብሱ፣ ውስጡ እርጥብ አድርጋችሁ በደንብ የጨመቃችሁትን ስፖንጅ ክተቱ፣ ከጭንቅላቱ አጠገብ አስቀምጡ። ሲደርቅ አርጥቡ። ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ጉዳቱ ይብሳል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ግምቱ ይቀርላችኋል።

ትራስ ሮዱን የምትነኩ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ፣ ከዚያ ቃኙና ጠብቁ። ፍሬቱን ለማስሞረድም አትቸኩሉ። በጥር የተሞረደ ፍሬት ነሐሴ ላይ፣ እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ፣ ገብቶ ታገኙታላችሁ።

የተለበጠው አንገት በላብ እየያዘኝ ነው። ሽፋኑን ልፋቀውና ሰም ልቀባው?

እስከ እንጨቱ ድረስ አትፋቁት። ፖሊስተር ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ስትታገሉት የአንገቱን ቅርጽ ታበላሻላችሁ። በምትኩ ማብረቁን ብቻ ግደሉት። ቁጥር 800 ብርጭቆ ወረቀት ወይም ያረጀ አረንጓዴ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ወስዳችሁ ጀርባውን በርዝመቱ ቀስ ብላችሁ እሹ። ሲፈዝ አቁሙ። እጅ ይለቃል፣ እንጨቱም እንደተዘጋ ይቀራል።

የድስት ማጠቢያ ሽቦ አትጠቀሙ። ሸካራ ነው፣ ብናኙ ደግሞ ብረት ስለሆነ የፒክአፑ ማግኔት ላይ ይለጠፋል፣ ልቀሙት ብትሉም አያልቅም። ለዚህ ሥራ የተሠራው ረቂቅ ዓይነት እጃችሁ ካለ እንኳ ፒክአፖቹን በፕላስተር ሸፍኑ።

የትንኝ ቅባት ቤዙን ይጎዳል?

ይጎዳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ብዙ የትንኝ መከላከያ ቅባቶች ውስጥ ዲት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ፕላስቲክና ቫርኒሽ ያለሰልሳል፣ ናይትሮንም ያበላሻል። ማታ ሶደሬ ወይም ሌላ ደጅ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ቅባቱን ተቀቡ፣ ወባ ቀልድ አይደለም። ግን መዳፋችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ቀኝ ክንዳችሁን ደግሞ በረጅም እጅጌ ሸፍኑ። የእጅ ሳኒታይዘርም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቤዝ አይነካም።

እግረ መንገዴን፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ቤዝ አትተዉ። በሰም የተሠራ ከሆነ ሰሙ ይለሰልሳል፣ የኬዙ ሱፍም ይለጠፍበታል።

ባጃጅ ላይ ስጭነው ተጋጭቶ ጎደጎደ። ይነሳል?

በሰም ወይም በዘይት የተጠናቀቀ ከሆነና እንጨቱ ካልተቆረጠ፣ አዎ። ጉድጓዱ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠጣ። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑትና የሞቀ ካውያ ጫፍ ለሁለት ሦስት ሰከንድ አሳርፉ። እንፋሎቱ የተጨመቀውን እንጨት ያነሳዋል። አንዴ ካልበቃ ድገሙት። ማግስቱን ሲደርቅ በቁጥር 600 አልስልሳችሁ ሰም መልሱ። የተለበጠ ቤዝ ላይ ግን አትሞክሩት። እንፋሎቱ አይገባም፣ ሽፋኑ ግን ይነጣል ወይም ይነሳል።

ሰም ድምፁን ይቀይረዋል?

የሚሰማ ለውጥ የለውም። ድምፅ ከፈለጋችሁ ክር ቀይሩ።

ቤዙን ለወራት ሳልነካው ላስቀምጠው ነው። ምን ላድርግ?

ጥረጉት፣ ሰም የሚቀበል ከሆነ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና በደንብ ወልውሉ። ክሮቹን አንድ ድምፅ ያህል ዝቅ አድርጉ እንጂ አትፍቱ። ኬዙን ከጭቃ ግድግዳ አርቃችሁ ከወለል ከፍ ያለ ነገር ላይ አኑሩት፤ ምስጥ ሰም አይፈራም። በየወሩ ክፈቱት። ኬዙ ውስጥ ዱቄት የመሰለ የእንጨት ብናኝ ካያችሁ ወይም አንገቱ ቦዲው ላይ በሚገጠምበት ቦታ ስንጥቅ ካያችሁ ሰሙን አስቀምጡና የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት።